የጋሽ ሀቢሶ ባለሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ

ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ያሰቀለ ሐበሻ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይችልም። ይህን የምለው አይቼ ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን መጀመሪያ ዲሽ ያስተከሉት ሰውዬ፣ ሠርግ ተጠርተው ሄደው ከሙሽራው አባት ጋር ስለ ሳተላይት አቅጣጫ ያወሩ ነበር። ጆሃንስበርግ ስመጣ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሜይፌር ቤት ተከራየሁና በአጥሩ ማዶ ጋሽ ሀቢሶን አገኘሁ።

ክቡር ጋሽ ሀቢሶ፣ የጣሪያው ባላባት፣ የፀሐይ ግምጃ ቤት ኃላፊ! እናንተም እንዲህ ያለ ጎረቤት አላችሁ፤ ስሙ ሌላ ይሆን ይሆናል እንጂ። ደህና ዋሉ ስትሉት መጀመሪያ ሰማዩን አይቶ ነው የሚመልስላችሁ። የልጃችሁን መታመም ስትነግሩት «እግዚአብሔር ይማረው» ይልና ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ጣሪያችሁ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ እዚሁ ሜይፌር ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄድን። ጋሽ ሀቢሶ እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፤ አለቀሱም፤ እንባቸው የእውነት ነበር። ስንወጣ የሟቹን ወንድም እጅ ይዘው «ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናናህ» አሉት። ከዚያ ቀና አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጣሪያህ ግን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በዚህ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ እንዲህ ያለ ጣሪያ ባክኖ ሲቀር ያሳዝናል» አሉ። ሰውየው በሐዘኑ መሃል ዞር ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ጋሽ ሀቢሶ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ናቸው። ጉልምስናቸውን ኦሬንጅ ፋርም በሚባል፣ እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መንደር ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጡ ነው የጨረሱት። ዛሬ ሱቁን ለዘመድ ትተው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ኤርጎጌ ጋር እዚህ ሜይፌር ሰፊ ሳሎን ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ሁለት ሰው ያን የሚያህል ሳሎን ምን ያደርግለታል ብትሉ፣ ሳሎኑ የተገዛው ለእሁድ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት የቤት ኅብረት ነበራቸው። ከየሎኬሽኑ ሱቃቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው የሚመጡ የአገራቸው ልጆች ተሰብስበው ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፤ ከዚያም እትዬ ኤርጎጌ ከቡላና ከቅቤ የሚሠሩትን አተካና ይበላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ከፍርግርግ ጀርባ «ሳውቦና» እያለ በዙሉ ሰላምታ ሲሰጥ የዋለ ሰው፣ እዚያ ሳሎን ገብቶ ነበር በገዛ ቋንቋው የሚስቀው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ሆኖም የአተካናው ሽታ አጥሩን ዘሎ ስለሚመጣ፣ ከመጨረሻው ጸሎት ትንሽ ቀደም ብዬ ሄጄ አሜን እል ነበር። ማንም ምን ልትሠሪ መጣሽ ብሎኝ አያውቅም።

ጣሪያቸው ላይ ያለው ሶላርም የመጣው በዚህ ኅብረት ምክንያት ነው። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ዘመን፣ መዝሙሩ መሃል ላይ ሎድሼዲንግ ይመጣና ከኅብረቱ ወጣቶች አንዱ፣ አጵሎስ፣ የሚጫወተው ኪቦርድ ጸጥ ይላል። ሰው የስልኩን ባትሪ አብርቶ መጽሐፍ ቅዱሱን ይፈልጋል። ጋሽ ሀቢሶ ይህን አልቻሉም። ዕቃ የሚያመላልሱባትን፣ እንደ ልጃቸው የሚያጥቧትን ባኪ መኪናቸውን ሸጠው ጣሪያውን በፓኔል ሞሉት። «የእግዚአብሔር ሕዝብ በጨለማ አይዘምርም!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ የእሳቸው ሳሎን ብቻ ሲበራ፣ መዝሙሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ገለጻም አልነበራቸውም፤ ብቻ በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሎድሼዲንጉ ጋብ አለ። መብራት እንደ ልብ ሆነ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ፀሐይም ትርፍ ሆነ። የጋሽ ሀቢሶ ሁለተኛ ሕይወት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ትምህርቱን እነሆ። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ስለነገሩኝ እንደ ዳዊት አውቀዋለሁ።

«አየሽ እህት ፍሬገነት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ትሠራለች። ባትሪው ጠጥቶ ጠግቧል። ትርፉ የት ይሂድ? በቆጣሪው በኩል ወደ ከተማው መስመር ይሄዳል። ማታ ደግሞ ሲያንሰን እኛ ከመስመሩ እንወስዳለን። ቆጣሪው የሄደውንም የመጣውንም ለየብቻ ይይዛል፤ ወሩ ሲያልቅ ይቀናነሳል። ቀን ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል!»

«ታዲያ ብር ይሰጡዎታል?»

«ብር በእጅ የለም። ሂሳብሽ ላይ ይያዝልሻል። ደግሞ ከእኛ የሚወስዱት በርካሽ ነው፣ ለእኛ የሚሸጡት በውድ።»

«ይሄማ ግፍ ነው!»

«ምን ግፍ አለው? እኛስ ሱቅ ውስጥ ምን ስናደርግ ኖርን?» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልጀመረላቸውም። መጀመሪያ የነበራቸው ቆጣሪ በቶክን፣ ማለት ቅድሚያ ተከፍሎበት በሚገባ ቁጥር፣ የሚሞላው አሮጌው ነበር። ያ ቆጣሪ መብራት በውስጡ ማለፉን እንጂ ወዴት እንደሚያልፍ አይለይም። ጋሽ ሀቢሶ ትርፋቸውን ወደ ከተማው ሲልኩ፣ እሱ እንደ ተጠቀሙ ቆጥሮ ከቶክናቸው ላይ ይቀንሳል። እሳቸው ደግሞ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ቁጥሩ ሲሮጥ እያዩ «እንዴት እንደሚሄድ አየሽ? ከተማውን እያበራን ነው!» ይሉኝ ነበር። ቶክኑ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ሲጀምር ነው ነገሩ የገባቸው።

«ኤይሽ!» አሉ ራሳቸውን ይዘው። «ለጎረቤት ዳቦ ሰጥቼ፣ ጎረቤቴ ዳቦ በልተሃል ብሎ አስከፈለኝ ማለት እኮ ነው!»

መድኃኒቱ ባለሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ ነበር። ለእሱ ደግሞ ሶላሩ መመዝገብ አለበት፣ መሐንዲስ መጥቶ አይቶ መፈረም አለበት፣ ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ደግሞ ተራ ጥበቃ። ተራው እየራቀ ሲሄድ ጋሽ ሀቢሶ ጉዳዩን ወደ ላይኛው ቢሮ ወሰዱት። በእሁዱ ኅብረት የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ አንዱ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ አንዷ አገር ቤት ለታመሙት እናቷ፣ ጋሽ ሀቢሶ ደግሞ ለቆጣሪ አስመዘገቡ። የኅብረቱ እናት እማማ ጸሐይወርቅ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ጌታ ሆይ፣ ዮርዳኖስን ወደ ኋላ የመለስክ አምላክ፣ ይህንንም ቆጣሪ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አስኪደው!» ብለው ጸለዩ። ሳሎኑ በአሜን ተናወጠ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጸሎቱ ተሰማ። ዛሬ ሳስበው ባይሰማ ይሻል ነበር።

አዲሱ ቆጣሪ ከገባ በኋላ እዚያ ቤት ሰላምታ ተራውን ለወጠ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ይወሰዳል። እዚያ ቆሞ ትምህርቱን ይሰማል፤ በስልካቸው ላይ ወደ ውጭ የሚሄደውን ቁጥር ያያል፤ «ወይ ጉድ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሳሎን የሚገባው። ፓስተሩ ሳይቀር በዚህ በር አልፈዋል። ከደርባን ለጉብኝት የመጡ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸውን እንደ ተሸከሙ ትምህርቱን እስከ መጨረሻ ቆመው ሲሰሙ አይቻለሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጋሽ ሀቢሶ አፍ ያመለጠው አንድ ፀሐያማ እሁድ ነው። እማማ ጸሐይወርቅ ጉሮሯቸውን ስላመማቸው ሙቅ ውሃ ሊጠጡ ኬትል ሰኩ። ጋሽ ሀቢሶ በዚያው ቅጽበት ስልካቸውን እያዩ ነበር። ዘለው ተነሡ። «ኑ እዩ! ወገኖች፣ ኑ እዩ! ሲሄድ ነበር አይደል? ኬትሉ ሲሰካ ቆመ! ሊሄድ የነበረውን እንዳለ ኬትሉ ወሰደው!» አሉ። ፊታቸው በደስታ ፈክቶ ነበር። በቃላት ሲደክሙበት የኖሩትን ትምህርት ኬትሉ በአንድ አፍታ በተግባር አሳየላቸው፤ ከዚያ ሌላ በልባቸው ምንም አልነበረም።

እማማ ጸሐይወርቅ ቀስ ብለው ኬትሉን ነቀሉ። «ይቅርብኝ ልጄ፣ ቀዝቃዛውም ይበቃኛል» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ማስተማሬ ነው! ይስኩት እንጂ!»

«አይ፣ ተሽሎኛል።»

የአገራችንን ሰው ይሉኝታ ታውቁታላችሁ። እየራበው ጠግቤያለሁ የሚል፣ ሦስቴ ካልተለመነ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሕዝብ ነው። እንዲህ ላለ ሕዝብ፣ በቤቴ የምትጠቀመው መብራት ከምሸጠው ላይ ይቀነሳል ብሎ ማስረዳት ትልቅ ስሕተት ነው። የአንድ ኬትል ውሃ ኪሳራ ይህን ያህል የሚወራ አልነበረም፤ ግን ሒሳቡን ማን ጠየቀ? በቀጣዩ እሁድ ማንም ስልኩን አልሰካም። ሲመሽም «መብራት አብሩ እንጂ» ሲባል «አይ፣ በቂ ብርሃን አለ» ተባለ፤ እየተያየን የነበረው በጥርሳችን ነጭነት ነው። አጵሎስም ኪቦርዱን ጨርቅ አልብሶ «ዛሬ በጭብጨባ እንዘምር፣ እንደ ጥንቱ» አለ። የእግዚአብሔር ሕዝብ መብራት በተረፈበት ቤት ውስጥ በጨለማ መዘመር ጀመረ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጋሽ ሀቢሶ ሰዎቹ ምን እንደሆኑ አልገባቸውም። እሳቸው የሚያዩት ስልካቸው ላይ ያለውን ነበር፤ እዚያ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ደስ ይላል። «ከባለፈው ይበልጣል!» ይሉኝ ነበር በአጥሩ ላይ። «እሁድ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እንዴት እንደሚሄድ ብታዪ!» እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ያለውን እንዴት አድርጎ ይናገራል?

ከዚያ ሙሉቀን መጣ። ሙሉቀን ከኅብረቱ አስተባባሪዎች አንዱ ነው፤ ከተማው ማዶ ዮቪል በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የመጣበትን ጉዳይ ለመናገር የከሰዓት በኋላውን ግማሽ ፈጀበት። «ጋሼ፣ እናንተም ስንት ዘመን ተቸገራችሁ። እትዬም ይረፉ። ኅብረቱን ለጊዜው እኔ ጋ ብናደርገው ብለን ነው፤ ለወጣቶቹም ለትራንስፖርት ይቀርባቸዋል።» ዮቪል ለማን እንደሚቀርብ እግዚአብሔር ይወቀው። ጋሽ ሀቢሶም በተራቸው ይሉኝታ ያዛቸውና «እንደ ጌታ ፈቃድ ይሁን» አሉ።

የመጀመሪያው ባዶ እሁድ ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም። ጋሽ ሀቢሶ በአጥሩ ላይ ጠሩኝና ስልኩን አሳዩኝ። ቁጥሩ እንደዚያ ከፍ ብሎ አያውቅም። «እዪው» አሉ። ሌላ ጊዜ የሚያስከትሉት ንግግር አልመጣም። ሳሎኑን በመስኮት አየሁት፤ ወንበሮቹ ተደራርበው ግድግዳ ተጠግተው ነበር። እትዬ ኤርጎጌ ለሁለት ሰው የሚሆን አተካና መሥራት ስላልቻሉበት እንደ ዱሮው ትልቁን ድስት ሙሉ ሠርተው፣ ማንኪያውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ነበር።

«መብራቱን በላኸው የሚባል ሰው ከሌለ ይተርፋላ» አሉ እትዬ ኤርጎጌ፣ ለባላቸው ሳይሆን ለእኔ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ እማማ ጸሐይወርቅ ኬትሉን የነቀሉ ቀን ነው ይሄ ቤት የተዘጋው። ሁሉም ያውቃል፤ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው።»

ጋሽ ሀቢሶ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ሰማዩንም አላዩም።

«እኔ እኮ ማስተማሬ ነበር» አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነብኝ። «እህት ፍሬገነት፣ ያቺን መኪናዬን የሸጥኩት ለምንድን ነው? ለመብራት ኃይል ልሸጥ ብዬ ነው እንዴ? ለእነሱ እኮ ነው። ልጆቹ በጨለማ ሲዘምሩ አንጀቴ ስላልቻለ ነው። ይህን እንዴት ሳልነግራቸው ቀረሁ? ስለ ቆጣሪው ስንቴ ነገርኳቸው፣ ይህን አንድ ቀን አልነገርኳቸውም።»

ያን ጊዜ በጣም አዘንኩ። በዚህ ሰው ስስቅ ኖሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

በሳምንቱ ባለሙያ አስጠርተው የፓኔሎቹን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ኢንቨርተር አስነኩት። ትርፉ ወደ ከተማው እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፓኔሎቹ ቤቱ የሚፈልገውን ብቻ ይሠራሉ፣ የቀረው ፀሐይ ጣሪያው ላይ እንዲሁ ይቀራል። ያ የተጸለየለት ቆጣሪ ሥራ ፈቶ በሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከዚያ ጋሽ ሀቢሶ ታክሲ ተሳፍረው ዮቪል ወረዱ። የሙሉቀን ክፍል ሰው ከአልጋው እስከ ደረጃው ተደራርቦ ነበር አሉ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «ወገኖቼ፣ ዘግቼዋለሁ። ከእንግዲህ የሚሄድ የለም። የፈለጋችሁትን ስኩ፤ ቤታችሁ ነው፣ ኑ» አሏቸው። ሁሉም አለቀሱ፣ ተቃቀፉ። «እንመጣለን ጋሼ!» አሉ።

በቀጣዩ እሁድ እትዬ ኤርጎጌ ሌሊት ነው የተነሡት። ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ የኪቦርዱ ጨርቅ ተነሣ፣ ኬትሉ ተወልውሎ መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ እማማ ጸሐይወርቅ ደወሉ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። «ወንድሜ ሀቢሶ፣ በእኛ የተነሣ ያን የመሰለ ነገር ዘጋህ። ልጆቹ አፈሩ። እኛስ በምን ዓይናችን እንይህ?» አሉ። ጋሽ ሀቢሶ ስልኩን አስቀመጡና ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር። እንግዶቹ መጀመሪያ መብራቱ ውድ ሆኖባቸው ሄዱ፤ አሁን ደግሞ ውለታው ከበዳቸው። በዚህ ሕዝብ ተናደድኩ፤ ደግሞ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ እንደነበር ስለማውቀው የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ባለፈው እሁድ ካውያዬንና ያልተተኮሰ ልብስ የሞላ ቅርጫት ይዤ በሩን ገፋሁ። ቤቴ መብራት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ሳሎኑ መሃል፣ ባዶዎቹ ወንበሮች ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩና «እትዬ ኤርጎጌ፣ የእኔ ካውያ እዚህ ነው የሚግልልኝ» ብዬ ሰካሁ። ኬትሉንም ሞልቼ ሰካሁ። ማንም ምን ልትሠሪ መጣሽ አላለኝም።

ጋሽ ሀቢሶ ከጓዳ ወጡ። ካውያውን አዩ፣ ኬትሉን አዩ፤ እጃቸው ሳያውቁት ኪሳቸው ገባና ስልኩን አወጣ። ዓይናቸው በራ።

«እህት ፍሬገነት፣ ካውያ እኮ ከኬትል ጋር አንድ ላይ ሲሰካ...»

አቆሙ። እትዬ ኤርጎጌ ማንኪያቸውን እንደያዙ ከጓዳ በር እያዩዋቸው ነበር። ጋሽ ሀቢሶ ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አንድ ወንበር ስበው ቅርጫቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ የቀረውን ልብስ በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ።

«ሌላ የሚተኮስ አላመጣሽም?» አሉኝ።

«አለኝ፤ ላምጣው» አልኩና ቤቴ ገብቼ መጋረጃዎቼን ማውረድ ጀመርኩ።